ሽማግሌ የተቀመጠባት ፕሮግራም

የእህቴን ባል አልወደውም። ይህን ከፊት የማስቀድመው መጨረሻ ላይ ተቃቅፈን እንላቀሳለን ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጊዜውን እንዳያቃጥል ነው። አልተቃቀፍንም።

እህቴን ሲያገባት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ኮምፒውተር ሳይንስ እንደምማር ሲሰማ፣ "ጎሽ! ስትመረቂ አብረን እንሠራለን" አለኝ። ኤሌክትሮኒክስ የተማረ፣ እጁ ሽቦ የሚያውቅ፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የሚቀድም ሰው ነው። ቃሉን ግን ጠበቀ። ስመረቅ፣ ቤቴል ካለው ግቢያቸው ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት አስጠርጎ፣ ሁለት ጠረጴዛ አስገብቶ፣ በሩ ላይ የድርጅት ስም ለጥፎ ጠራኝ። ያኔ "ጋሼ" ነበር የምለው። ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ ተጋፍቼ እመጣለሁ፣ እህቴ ቁርስ ታበላኛለች፣ ከዚያ ወደ ጓሮ እገባለሁ።

የምንሠራው የተራ ማሳያ ነበር። ክሊኒክ ገብታችሁ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ተቀብላችሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ በቀይ ሲበራ፣ ከዚያም አንዲት ሴት "ተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣ ወደ መስኮት ሦስት" ስትል ሰምታችሁ ከሆነ፣ የእኛ ሊሆን ይችላል። ድምፁ የእህቴ ነው። የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከአንድ እስከ መቶ ስትቆጥር ቀዳናት። ሃምሳዎቹ ላይ ስትደርስ ትንሿ ልጇ "እማዬ ምን ጠፋሽ?" ብላ ገብታ ሁላችንም በሳቅ ሞትን። በዚያ ቤት የሳቅንበት ጊዜም ነበር ማለቴ ነው፤ አልክድም።

እሱ ሰሌዳውን፣ ሳጥኑንና ሽቦውን ይሠራል፣ ደንበኛም ያመጣል። እኔ በሰሌዳው ሆድ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም እጽፋለሁ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ ስሙን ያሰፍራል፤ ሠዓሊ ከሥዕሉ ጥግ እንደሚፈርመው ዓይነት ነገር ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት የእኔ ስም ከሁሉም ፋይሎች አናት ላይ ተነስቶ፣ በቦታው የድርጅቱ ስም፣ ከሥሩም የእሱ ስም ገብቷል።

"ይሄ ምንድነው ጋሼ?" አልኩት።

"ደንበኛ ኮዱን ልይ ሊል ይችላል የኔ እህት። አንድ ስም ሲሆን ያምራል። ሥርዓት ነው።"

"አንድ ስም ከሆነ ለምን የእኔ አይሆንም?"

ሳቀ። ምሳ ቢበላም ባይበላም ከአፉ የማይለየውን ስቴኪኒ ከአንዱ የከንፈሩ ጥግ ወደ ሌላው አሻገረውና፣ "አንቺ ደግሞ!" ብሎ ወጣ። ብንጨቃጨቅ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ነገሩን ለጭቅጭቅ እንኳ አላበቃውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠሪያ ነሳሁት። ጋሼም አላልኩት፣ በስሙም አልጠራሁት። ስፈልገው ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ አንኳኳለሁ፤ ቀና ይላል፤ የምለውን እላለሁ። እህቴ ነገሩ ገብቷት ይሁን ሳይገባት ቁርስ ላይ ዝም ትላለች።

አሁን ሥራችን ውስጥ ስላለች አንዲት ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ጠቡ ሁሉ በእሷ ነውና። ክሊኒኮች የሚፈልጉት ይለያያል። አንዱ ሁለት መስኮት አለው፣ አንዱ ስድስት። አንዱ በአማርኛና በኦሮምኛ እንዲጠራለት ይፈልጋል፣ አንዱ ጭራሽ ድምፅ አይፈልግም። ስለዚህ ፕሮግራሙን በብዙ ቁርጥራጭ ፋይሎች ነው የምጽፈው። ለደንበኛው የሚያስፈልጉት ተመርጠው፣ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ተቀይረው፣ አንድ ላይ ተገጣጥመው ሰሌዳው ላይ ይጫናሉ። ይህን መገጣጠም በእጅ ልሥራው ያለ ሰው አንዱን ቁራጭ መርሳቱ አይቀርም። ሥራውን በራሱ የሚሠራ፣ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ የሚያድስ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በዓለም ላይ ሞልቷል። እኛ ጋ የነበረው ግን እሱ ድሮ አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የጫነው፣ በእኛ ኢንተርኔት እንደገና ላውርድህ ቢሉት የማይሞከር ግዙፍ ነገር ነበር። አንድ መስመር በቀየርኩ ቁጥር ፍላሽ ይዤ ወደ እሱ ጠረጴዛ መሄድ ነበረብኝ። ስልክ ላይ ከሆነ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከሌለ ሥራ የለም። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩን መታ መታ እያደረገ፣ "ያለዚህ እኮ ከዚህ ቤት ምንም አይወጣም" ይላል።

ስለዚህ የራሴን ልጽፍ ወሰንኩ። ትንሽ፣ በየትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ፣ ምንም ማውረድ የማትፈልግ። እንደዚያ ያለችውን ነገር በንጹሕ አጻጻፍ ልጽፋት እችል ነበር። ግን ከጻፍኳት በኋላ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሰኞ ጠዋት አናቷ ላይ የእሱ ስም ይወጣል።

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሆን ብሎ እንዳይነበብ አድርጎ መጻፍ የታወቀ ጨዋታ ነው። በውጭ አገር የሚወዳደሩበት ሁሉ አሉ። ፕሮግራሙ በትክክል ይሠራል፤ ጽሑፉን ያየ ሰው ግን ድመት ኪቦርድ ላይ የሄደች ነው የሚመስለው። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለጓደኞቼ የልደት ካርድ እጽፍበት ነበር፤ ኮዱ የኬክ ቅርፅ ይኖረዋል፣ ሲከፈት የልደተኛዋን ስም ያወጣል። ያኔ በፍቅር ነበር የምጽፈው። ይህችን ግን በጥላቻ ጻፍኳት። በጥላቻ የተጻፈ ነገር ያን ያህል እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

ቤቴል ጄኔሬተር ያለው አንድ ካፌ ጥግ ላይ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሁሉ እየሄድኩ ነው የጻፍኳት። አስተናጋጇ አንድ ማኪያቶ አዝዤ ወንበር ስለማሞቅ ትጠላኝ ነበር። "ሌላ ምን ይጨመር?" ትለኛለች፣ ጠረጴዛውን እኔ ላይ እየጠረገች። እኔም ጠላኋት። ጥላቻ በጥላቻ ላይ ሲጨመር እጄ ይፈጥን ነበር።

የነገሮቹን መጠሪያ ሁሉ ከመስመር ሥር በምትሰመር ሰረዝና ከቁጥር 1 በማይለይ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ሰየምኳቸው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሰረዞቹን በጣት መቁጠር ነው። በአንድ መስመር የሚያልቀውን ነገር ራሱን መልሶ እንዲጠራ አደረግኩት። ከዚያ ክፍተቱን ሁሉ አንስቼ፣ ፊደሎቹን በጓጉንቸር ቁልፍ ቅርፅ ደረደርኳቸው፤ ከላይ ቀለበቱ፣ ከታች ሆዱ፣ መሃል ላይ የቁልፉ ቀዳዳ። ገጽ አትሞላም። በመጨረሻም ስሜን ፊደል በፊደል ወደ ቁጥር ቀይሬ፣ ፕሮግራሟ ቀጥሎ የት እንደምትሄድ የምታይበት ሰንጠረዥ አደረግኩት። ስሜን የነካ ሰው ፕሮግራሟን ይገድላታል። ያን ቀን ከካፌው ስወጣ ለአስተናጋጇ ጉርሻ ተውኩላት። ጥላቻዬ ለጊዜው ጠግቦ ነበር።

መሥራት ደግሞ ትሠራ ነበር። የእሱ ግዙፍ ነገር ዓይኑን ሳያሻሽ እሷ ጨርሳ ትቀመጣለች። ባያት ጊዜ ስቴኪኒው ከአፉ ሊወድቅ ነበር።

"ምንድናት ይህቺ?"

"ጓጉንቸር ናት።"

"ቁልፏስ?"

"እኔ ጋ ነው" አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። አሸነፍኩት ብዬ ስንት ወር በደስታ ኖርኩ።

ወደ ጠቡ የገባነው አንድ ትልቅ የግል ክሊኒክ ሰሌዳ ልንገጥም ስንሄድ ነው። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ገመድ እየጎተትኩ ነበር። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ መጥተው አዩትና ተደነቁ። ሁለት ጊዜ ሐሳባቸውን ቀይረው መስኮት ጨምሩ ቀንሱ ብለውናል፤ በሁለቱም ጊዜ እዚያው ቆመው ሳለ አድሰን ሰጥተናቸዋል። ያቺ ጓጉንቸር ባትኖር የማይሆን ነገር ነው።

"እንዴት ነው እንዲህ የሚፈጥነው?" አሉ።

"አንዲት መሣሪያ ሠርቼ ነው" አላቸው የእህቴ ባል። "ትንሽ ናት፣ ግን ብዙ ለፍቼባታለሁ።"

"እሷስ?" አሉ ሰውዬው፣ ወደ መሰላሉ እያዩ።

"ረዳቴ ናት። የባለቤቴ እህት።"

ለእሱ ወንበር መጣለት። እኔን አንዱ የጥበቃ ሠራተኛ፣ "እናት፣ ገመዱ መንገድ ዘጋ፣ ሰብሰብ አድርጊው" አለኝ። ሰበሰብኩት። ወርጄ፣ መሰላሉን አጥፌ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ፕሮግራሟን ከሥራው ኮምፒውተሮች ሁሉ አጠፋሁና ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ አንኳኳሁ።

"የእኔ የሆነውን ወስጃለሁ። በዚያ በራስህ ግዙፍ መሣሪያ ሥራ።"

ቀና እንኳ ሳይል፣ "ኮፒ አለኝ" አለ።

"ቢኖርህ አታነባትም። አንድ ነገር መቀየር ሲያስፈልግህ ምን ልትሆን ነው?"

"እንተያያለን።"

እህቴ ናት ሽማግሌ የጠራችው። ሁለት ነበሩ፤ የንስሐ አባታችንና የእድራችን ዳኛ። ንስሐ አባታችንን ከልጅነቴ ጀምሮ አባ ነው የምላቸው። የእድሩ ዳኛ በሒሳብ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅላቸው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእህቴ ሳሎን ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ኳስ ያሳያል፤ የእድሩ ዳኛ አንድ ዓይናቸው እዚያ ነበር። እኔ በር አጠገብ፣ እሱ ከአባ ጎን። አቀማመጡን ሳይ ነገሩ ወዴት እንደሚያደላ መጠርጠር ነበረብኝ።

"የተጣላችሁበት ምንድነው ልጆቼ?" አሉ አባ።

"በአንዲት ጽሑፍ ነው አባ" አለች እህቴ።

"ውል ነው?"

"አይደለም። የኮምፒውተር ጽሑፍ ናት።"

ላፕቶፑን ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። አባ መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ። "ይሄ የቁልፍ ሥዕል አይደለም እንዴ?"

"ጓጉንቸር ነው አባ።"

"ጽሑፉስ የታል?"

"ጓጉንቸሩ ራሱ ነው ጽሑፉ።"

አባ አማተቡ። የእድሩ ዳኛም ከኳሱ ዓይናቸውን ነቅለው መጡና፣ "አሃ፣ ክታብ ነገር ነው" አሉ። እህቴ ልትስቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ አልሳቅኩም።

ሁለታችንም ተናገርን። እኔ፣ "ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ የእኔ ሥራ ናትና ስሜ ይነገር፣ አለዚያ አይጠቀምባት" አልኩ። እሱ ለስለስ ብሎ፣ "አባ፣ እኔ እኔ ማለት አልወድም፤ እኛ ነን የሠራነው። ሐሳቡ በእኔ መሪነት ነው፤ እሷም ደክማለች" አለ። ከሰው አፍ የወጣ ቃል እንደዚያ "እኛ" ያንገፈገፈኝ የለም።

የእድሩ ዳኛ ሰዓታቸውን አዩና፣ "እንዲህ ከሆነ ቀላል ነው" አሉ። "የሠራ ሰው የሠራውን ያብራራል። ሁለታችሁም አብራሩልን። ባይገባንም የሚንተባተበውን እናውቃለን።"

ደስ አለኝ። በአፍንጫዬ ስቄ ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩ። ከቀለበቱ ጀምሬ ወረድኩ፤ ይህች ፋይሎቹን ታነባለች፣ ይህች ትመርጣለች፣ ይህች ራሷን መልሳ ትጠራለች። አባ በትሕትና "እሺ፣ እሺ" ይላሉ። ወደ ሆዱ ስደርስ የፋይሎቹን ሰዓት የምታወዳድረውን መስመር አሳየሁ። ጽሑፉ ከተገጣጠመው ውጤት በኋላ የተነካ ከሆነ ተለውጧል ማለት ነውና እንደገና ትሠራዋለች፤ ካልሆነ ትተወዋለች አልኩ።

ያኔ የእህቴ ባል ስቴኪኒውን ከአፉ አውጥቶ፣ ጫፉን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ።

"እዚች ጋ ያለችው ማዕበል የመሰለች ምልክትስ? የምትገለብጠው?"

"እሷ ለማሳሳት ናት" አልኩ። "መጀመሪያ ተገልብጣብኝ የተለወጠውን ትታ ያልተለወጠውን ትሠራ ነበር። ሁለቱን ሰዓቶች ቦታ ማቀያየር ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን እንዳትነበብ ብዬ ምልክቷን ጨመርኩ።"

"ቦታ ማቀያየር ይበቃ ነበር?"

"ይበቃ ነበር።"

"አይበቃም" አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "አባ፣ ኮምፒውተር ፈጣን ነው። ሁለት ፋይል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል። ያኔ የትኛው እንደሚቀድም በሰዓት አይታወቅም። ቦታ ቢቀያየር እኩል የሆኑትን ዝም ብላ ታልፋለች፣ ስሕተት ይገባል። በዚህች ምልክት ግን እኩል ሲሆኑ፣ ለጥንቃቄ ድገመው ትላለች። ፕሮግራሟን የሚያድናት ይህች ምልክት ናት።"

ልክ ነበር። አፉን ሳይዘጋ ነው የገባኝ። ራሴ የጻፍኳት ነገር ለምን በትክክል እንደምትሠራ እኔ ሳላውቅ እሱ ያውቃል። ከዚያ ቀጠለ። ከቀለበቱ እስከ ቀዳዳው፣ ሰረዝ በሰረዝ፣ በስቴኪኒው እየጠቆመ፣ እኔ የዘለልኳቸውን ሁሉ እያነሳ አብራራ። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ያቺን ገጽ በየታክሲው፣ በየደንበኛው በር፣ ስንት ቀን ተቀምጦ ሲፈታት እንደኖረ አሰብኩ። ከእኔ በቀር በዓለም ላይ እሷን ሙሉውን ያነበበ ሰው እሱ ብቻ ነው። በጻፍኩት ነገር ያን ያህል የደከመ ሰው አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም የለም። ይህ ልቤን ያራራው ይመስላችሁ ይሆናል። የባሰ ነው ያቃጠለኝ።

የእድሩ ዳኛ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ "ይኸው! እንደ ውሃ ጠጥቶታል" አሉ።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር።

"አባ፣ ስሜ ውስጧ አለ" አልኩ። "በእነዚህ ቁጥሮች የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ሂሳቡን እዚሁ እያንዳንዱን ፊደል ቆጥሬ ላሳይዎ። ሌላ ሰው ቢጽፋት የእኔን ስም ምን ብሎ ያስገባል?"

አባ ወደ እሱ ዞሩ። "እውነት ነው ልጄ? ስሟ አለ?"

የእህቴ ባል አንገቱን ደፋ። ሲቆይ ቀና ብሎ፣ በዚያ ለደንበኛ በሚያወጣው ድምፅ፣ "አለ አባ" አለ። "እኔ ነኝ ያስገባሁት። መናገር አልፈለግኩም ነበር። የባለቤቴ እህት ናት፤ ከእኔ ጋ ሥራ የጀመረች ናት፤ ማስታወሻ ይሁናት ብዬ ነው።"

አባ ዓይናቸው እንባ አዘለ።

"እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም" አሉ። "ልጄ፣ ይህን ወንድም እግዜር ነው የሰጠሽ።"

እህቴን አየኋት። ነጠላዋን እየቋጠረችና እየፈታች ወለሉን ታያለች። ታውቃለች። ካፌ ተቀምጬ የጻፍኩ ጊዜ ደውዬ፣ "ስሜን ውስጧ ቀበርኩት" ብዬ የሳቅኩት ለእሷ ነው። ጠበቅኳት። አፏን አልከፈተችም።

"ይዋሻል" አልኩ።

"ተይ!" አሉ የእድሩ ዳኛ። "ስታብራሪ ተንተባተብሽ፣ ሲያብራራ ዝም አልሽ። የወለደ ልጁን ያውቃል።"

"ማንበብና መጻፍ አንድ ነው እንዴ?" ወደ አባ ዞርኩ። "አባ፣ እርስዎ ቅዳሴውን በቃልዎ ያውቁታል፤ ዜማውን፣ ትርጉሙን፣ ሁሉን ያብራራሉ። የደረሱት ግን እርስዎ ነዎት?"

እህቴ "ወይኔ እናቴ!" ብላ ፊቷን ያዘች። የእድሩ ዳኛ ተነስተው ቆሙ። አባ ግን አልተቆጡም፤ ይህም አናደደኝ። "ልጄ፣ ንዴት ላይ ነሽ" አሉኝ በቀስታ። "ንዴት ልክ የሆነውን ነገር እንኳ መጥፎ ያደርገዋል።" ስለዚህ ምናልባት ገብቷቸው ነበር። ገብቷቸውም ግን ፍርዱ አልተለወጠም፤ ጽሑፏ ከድርጅቱ ጋ ትቆይ፣ እሱ ይያዛት፣ እኔ ሰኞ ወደ ሥራዬ ልመለስ፣ አሁን ደግሞ ተነስተን ይቅር እንባባል።

እሱ ተነሳ። እጁን ዘርግቶ፣ ጉንጩን አዘጋጅቶ ወደ እኔ መጣ። እኔ የአባን መስቀል ተሳለምኩ፣ ላፕቶፔን ዘጋሁ፣ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።

እህቴ የግቢው በር ላይ ደረሰችብኝ።

"ቤቴን ልታፈርሺ ነው?" አለችኝ እየተነፋረቀች።

"ለምን አልተናገርሽም? እያወቅሽ!"

"ምን ልበል? አባ ፊት ባሌን ውሸታም ልበለው?"

"እኔ ስባል ግን ሰማሽ።"

"አንቺ እህቴ ነሽ" አለች። "አንቺ ብትቀየሚም እህቴ ነሽ። እሱ ግን..."

አላስጨረስኳትም። እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ስንቱን ባዶ ታክሲ አሳለፍኩ።

ሰኞ አልተመለስኩም። ሥራ ፍለጋ ስዞር ከረምኩና አሁን ከተማው መሃል አንድ ቢሮ ገብቻለሁ። ኮዴ አናት ላይ ስሜ አለ፣ ማንም አይነካውም፣ ማንም አያነበውም። አለቃዬ ጨዋ ሰው ነው። ስለ እሱ የምጽፈው አንድ መስመር የለኝም።

የእህቴ ባል ያለ እኔ አልወደቀም። እንዲወድቅ እመኝ ነበር፤ በየክሊኒኩ ደጅ ሳልፍ ሰሌዳው ጠፍቶ ባየው እያልኩ አንገቴን አስግጌአለሁ። ይሠራል። በኋላ እንዲያውም ፕሮግራሟን ፈትቶ፣ ቅርፁን አፍርሶ፣ ሰረዞቹን ረጃጅምና ግልጽ በሆኑ ስሞች ተክቶ፣ በየመስመሩ ማብራሪያ ጽፎባት፣ ማንም በነፃ እንዲወስዳት ኢንተርኔት ላይ አወጣት። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ "ጎበዝ ያገር ልጅ የሠራው ነው፣ እዪው" ብሎ ላከልኝ። ቁጥሮቹ ተቀይረዋል፤ አሁን ተራ ቁጥሮች ናቸው፣ የማንንም ስም አይሠሩም። ከታች ምስጋና አለ፦ "ለባለቤቴ እህት፣ ለሰጠችኝ ሐሳብ።" ምሳዬን ሳልበላ አንድ ስሕተት ፍለጋ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የለውም። አጻጻፉም ጥሩ ነው። ዘጋሁትና ለባልደረባዬ "አይቼዋለሁ" ብዬ መለስኩለት።

በዓል ሲሆን እናቴ ቤት እንገናኛለን። እሱ ሳሎን ሲቀመጥ እኔ ኩሽና እገባለሁ፤ ሲወጣ እወጣለሁ። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ በምን እንደተጣላን ብነግራትም "በቁልፍ?" ነው የምትለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ ሳትደውል ዓለም ባንክ መጣች። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆርጦ ነበር። ብርቱካን ይዛለች። አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት። ስለ ልጆቿ አወራችኝ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናታችን ጉልበት። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣

"እሱ እኮ እንደ አንቺ የሚያደንቀው ሰው የለም" አለችኝ። "ቤት ውስጥ ያወራል። 'እንደ እሷ የሚጽፍ ሰው አላየሁም' ይላል።"

"ለአባስ ለምን አልነገራቸውም?"

"አፈረ መሰለኝ።"

"ይፈር።"

"እስከ መቼ ነው?"

"አላውቅም።"

"ልጆቹ ይጠይቁሻል።"

"ልጆቹን ይዘሽ ነይ። አንቺም ነይ፤ ቤቴ ቤትሽ ነው። እሱ ግን እዚህ ደረጃ ላይ አይውጣ።"

ውሃዋን ጨርሳ ተነሳች። በር ላይ ስንደርስ ሳመችኝ፣ ሳምኳት፤ አንገቷ አልቧል።

"የዚያን ቀን ብናገር ኖሮ ትመለሺ ነበር?" አለችኝ፣ አንድ ደረጃ ወርዳ ዞር ብላ።

"አልመለስም ነበር" አልኳት። "ግን ብትናገሪ ጥሩ ነበር።"

ወረደች። መስኮቱ ላይ ቆሜ ከሕንፃው ወጥታ ወደ ታክሲ ተራው ስትሄድ አየኋት፤ ከዚያ ገብቼ ከብርቱካኑ አንዱን ላጥኩ።